የውሰት ካባ

እኔ የሰው ዘር ቆጠራ ላይ የማልታማ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ከተቀመጥኩ አጠገቤ ያለውን ሰው ሳላደርቀው አልነሳም። «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? በእናትህ በኩልስ?» እያልኩ፣ ሰውየው ሊያለቅስለት የመጣውን ሟች ረስቶ የራሱን ሙታን እስኪቆጥር እይዘዋለሁ።

ዲላ ደግሞ ለዚህ አመሌ ተመችታኛለች። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ቡና ያሰባሰበን ሰዎች ነን። በአንድ ጉልት ዙሪያ ጌዴኦው፣ ጉጂው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ወላይታው፣ አማራው ጎን ለጎን ነው፤ አብዛኛው ቤት ደግሞ አንድ «ከዚያ የመጣ» አያት አለው። የሚተረከው ሁሉ እውነት ከሆነ ወደዚህች ከተማ በእግሩ የገባ ተራ ሰው የለም። የሁላችንም አያት በበቅሎ ነው የገባው። በቅሎዋን ማን ይስብ እንደነበር ግን አይነገርም።

ስለ ጌዴኦ ሲሆንማ አንደበቴን የሚይዘው የለም። በተለይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳ ከመጣልኝ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሥም። ደራሶ የሚባል ታላቅ ወንድም፣ ጉጆና ቦሮ የሚባሉ ታናናሾች እንደነበሩ፤ ከደራሶ ጌዴኦ፣ ከጉጆ ጉጂ፣ ከቦሮ ቦረና እንደወጡ እተርካለሁ። ደራሶ ከሁለት ሚስቶቹ ሰባት ወንዶች ልጆች ወልዶ ሰባቱ ጎሳዎች ከእነሱ እንደተገኙ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ከ«አራቱ ቤት» ዶባአ፣ ዳራሻ፣ ጎርጎርሻ፣ ሐኑማ፣ ከ«ሦስቱ ቤት» በካሮ፣ ሄንባአ፣ ሎጎዳ። በባሌ ሥርዓት አባ ገዳው 8 ዓመት መርቶ ለተተኪው እንደሚያስረክብ፣ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደሚዳኙ እጨምርበታለሁ። እንግዳው ሶንጎ ሥር ያደግሁ ይመስለዋል። ከዚያ «የአንተስ?» ይለኛል። አባቴን እጠራለሁ፣ አያቴን እጠራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሳል ይይዘኛል።

ሳሉ ለብዙ ዓመት ጠቅሞኝ ኖረ። ያስጣለኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ሚኒሶታ ይኖራል። አብሮት የሚሠራ ስሙ በ«ማክ» የሚጀምር ሰው ለዕረፍት ስኮትላንድ ሄዶ የጎሳውን ጨርቅ፣ የጎሳውን ዓርማ፣ ቅድመ አያቶቹ የተሳፈሩባትን መርከብ ስም ሳይቀር ይዞ ተመለሰ። ሌላው የሥራ ባልደረባው የአየርላንድ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድንቹ በስብሶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅና ሌላው በሚሊዮን ሲሰደድ የወጡ ሰዎች ልጅ። ሁለቱ በምሳ ሰዓት በአያት ሲፎካከሩ የአጎቴ ልጅ ቅናት ያዘው። የእሱ ነገር እንኳ በራሱ ጉድ ነው። አሜሪካ ሲገባ የአያታችን ስም የመጨረሻ ስሙ ሆኖ ተጻፈ፣ ሚስቱ በራሷ አያት ቀረች፣ የልጆቹ አስተማሪዎች ደግሞ ደብዳቤ ሲልኩ አያታችንን «ሚስተር» ብለው ለወላጅ ስብሰባ ይጠሩታል። አፈር ከበላው ስንት ዘመኑ!

«ለእኛስ ምን አለን?» ብሎ ደወለልኝ።

«ተወው፣ ለእኔ ተወው» አልኩት። የአየርላንዶቹ «ኦ» የልጅ ልጅ መሆናቸውን ለመናገር የተቀጠለች እንደሆነች፣ በአያት ስም በመጠራት እኛም ከእነሱ እንደማናንስ አስረዳሁት። በሕግም አስደገፍኩት። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይናገራል። ሕጉ ተናገረ፣ ሕዝቡ ሰማ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። እኔ ግን የዚህ አንቀጽ በዲላ ብቸኛው ፈጻሚ ለመሆን ቆርጬ በአያቴ ስም የአድራሻ ካርድ አሳተምኩ። (አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ሰው የቤተ ዘመድ ስም አለው ተብሎ በታወጀበት በዚያው ዓመት የጌዴኦ ጭሰኛ ሚቺሌ ላይ በባለ መሬቶቹ ላይ ተነስቶ ደሙ ይፈስ ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ አልነገርኩትም። ለጉዳያችን የሚጠቅም አልመሰለኝም።)

ቤታችን የሚነገረው ታሪክ አያታችን ፊታውራሪ ነበር የሚል ነው። ማስረጃው ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ነው፤ በወርቅ ዘቦ የተጌጠ ካባ የደረበ፣ ጎራዴ የታጠቀ፣ ካሜራውን ሊቆርጠው የቃጣ የሚመስል ሰው። ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ከደጃዝማች ባልቻ ጋር እንደመጣ እየሰማን አደግን። እንግዲህ ሙያዬን መናገር ግድ ሊሆንብኝ ነው፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ባልቻ አባ ነፍሶ ዓድዋ ላይ በመድፍ የታወቁ፣ ሲዳሞን ለረጅም ጊዜ የገዙ እንደነበሩ፣ በ1920 ዓ.ም. ግን ራስ ተፈሪ በዘዴ ሠራዊታቸውን በትነው ሹመታቸውን እንዳሳጧቸው ተማሪዎቼን አስተምራለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ። በ1920 ዓ.ም. አያቴ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ይህን ስሌት የትኛውም ተማሪዬ ይሠራዋል። እኔም ሠርቼዋለሁ፤ መልሱን አልወደድኩትም። ስለዚህ ፊታውራሪነቱን ከአያቴ አንስቼ ለቅድመ አያቴ ሰጠሁት። በቀጥታ የባልቻ የልጅ ልጅ ነን እንዳልል የመለሰኝም ይሉኝታ አይደለም፤ ባልቻ በልጅነታቸው ጦር ሜዳ ላይ የተሰለቡ መሆናቸው በየመጽሐፉ መጻፉ ነው።

መጽሐፍም አገላብጫለሁ እንጂ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ቻርልስ ማክሌላን (እሱም በ«ማክ» ነው የሚጀምረው) ጌዴኦ ከ1895 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር ያሳለፈውን ያጠናበት፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አለው። አንድ ወዳጄ አውሶኝ ከጀርባ ጀመርኩት፤ ከስም ማውጫው ማለቴ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በገባርነት ለነፍጠኛው እንዴት እንደተደለደለ፣ ቡና የሀገሩን ኑሮ እንዴት እንደቀየረው የሚተርከውን ሁሉ በአውራ ጣቴ ዘልዬ የቅድመ አያቴን ስም ፈለግሁ። አጣሁት። «ጥናቱ ብዙ ይቀረዋል» ብዬ መጽሐፉን መለስኩ። ወዳጄ የትኛው ምዕራፍ ላይ ብሎ ጠየቀኝ፤ «በአጠቃላይ» አልኩት።

በመጨረሻ ለአጎቴ ልጅ የ7 ትውልድ ሐረግ በሚያምር ወረቀት ላክሁለት። ከሦስተኛው ወዲያ ያሉት በሙሉ ከእኔ ብዕር የተወለዱ ናቸው። ጥቂቶቹን ከዳዊት ደጋሚ ጎረቤቴ የክርስትና ስሞች ሰበሰብኳቸው፤ ስድስተኛውን ግን በማን አህሎኝነት ከታሪክ መጽሐፍ አወጣሁት። የታወቀ ደጃዝማች ስለሆነ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ እውነተኛ ዘሮቹ አንብበው ይከሱኛል።

ደጃዝማቹ ሥራ አገኘ። የእህቴ ልጅ ልትታጭ የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ላኩ። ሰዎቹም እንደኛው ከሰሜን ሸዋ የመጡ የዲላ ሰዎች ናቸውና «እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። እኛ ቤት ለዚህ የሚታጨው ማን እንደሆነ ይታወቃል። እነሱም የራሳቸው ነበራቸው፤ የልጁ አጎት፣ እንደኔው በሰው ፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ። እኔ ቆጠርኩ። እሱ ቆጠረ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የእኔኑ ደጃዝማች ጠራ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት «ዘመዶች ናቸዋ!» አሉ። ጓዳ ያለችው የእህቴ ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ እናቴ ከማድቤት ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። እኔና ሰውየው አንድ ቤት ሊሰርቁ በተለያየ መስኮት ገብተው ጨለማ ውስጥ እንደተላተሙ ሁለት ሌቦች ተያየን። የእሱ ደጃዝማች ከየት እንደመጣ አወቅሁ፤ የእኔም ከየት እንደመጣ አወቀ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል እውነት ብናገር ልጅቷ ትስቅ ነበር። ልጅቷ ታልቅስ እንጂ እኔ አልዋረድም አልኩና «የእኛው የቡልጋው ነው። የእናንተስ?» ስል ጠየቅሁ።

«የእኛው የመርሐቤቴው!» አለ ሳይተነፍስ።

ተመሰገነ። አንዱን ደጃዝማች ለሁለት ከፍለን ልጆቹን ዳርናቸው። ደስተኞች ናቸው፤ ሁለተኛውን ልጅ ወልደዋል። እኔና የልጁ አጎት ግን እስከ ዛሬ ሰላምታችን አጭር ነው።

ከሠርጉ በኋላ መልስ በሄድንበት ዕለት ሌላ ነገር ገጠመኝ። የአማቾቻችን ሳሎን ውስጥ የእነሱ አያት ተሰቅሏል። ካባ ደርቧል። ካባው በቀኝ ትከሻው በኩል ዘቦው ተተልትሎ አንድ ክር ወደ ታች ይንጠለጠላል። ያንን ክር አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ የአያቴ ፎቶ ላይ ጸጉር የወደቀ መስሎኝ በጣቴ ስጠርገው አድጌያለሁ። ጎራዴውም ያው ነው፣ ከኋላ ያለው መጋረጃም ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፍቶ ሦስተኛውን ፊታውራሪ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ አገኘሁት። የድሮው ፎቶ ቤት ካባና ጎራዴ አስቀምጦ ለሚነሳው ሁሉ ያውስ ኖሯል።

ቤት ደርሼ እናቴን ስጠይቃት ቡና እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ታዲያ በጆንያ መርፌው ይነሳ?» አለችኝ።

አያቴ ጆንያ ሰፊ ነበር። የቡና መጋዘን ውስጥ የተመዘነውን ጀንፈል በጆንያ ሞልተው ሲያስጠጉለት አፉን በሲባጎ እየሰፋ ይዘጋል፤ ዕድሜውን የኖረው በዚህ ነው። ወደ ዲላ የመጣውም በጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ ጋር ነው። እናቴ ታውቃለች፣ አጎቶቼ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንተ መቼ ትጠይቃለህ፣ ትናገራለህ እንጂ» አለች።

ማፈር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን መጽናኛ ፈለግሁ፣ ያገኘሁትም ስኮትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ንጉሥ አራተኛው ጆርጅ ኤድንበርግን ሲጎበኝ ባለ መስመሩ የደጋ ጨርቅ የሹማምንት ልብስ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ጎሳ ጨርቅ ይፈልግ ጀመር። ሁለት ወንድማማቾች የስደተኛው ልዑል የቻርልስ ስቱዋርት የልጅ ልጆች ነን ብለው ብቅ አሉና በ1842 የየጎሳውን ጥንታዊ ጨርቅ የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተሙ። ከአሮጌ ብራና ነው የቀዳነው አሉ። ትውልዳቸውም ብራናቸውም ፈጠራ ነበር፤ ካወጧቸው ጨርቆች ብዙዎቹ ግን ዛሬም በኩራት ይለበሳሉ። በዚያ ላይ ብዙው የደጋ ሰው የጎሳ አለቃውን ስም የያዘው በደም ሳይሆን በአለቃው መሬት ላይ ስለሚኖር ነው። ይህን ሳነብ ዘመዶቼን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። የተቸገርኩበት ነገር ቢኖር እነሱ ቢያንስ ካባውን ራሳቸው መሸመናቸው ነው።

ሌላም ማመካኛ ነበረኝ፤ ጸሐፊው። መታወቂያችን ላይ የአያቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ቀደምቶቼ የጠፉብኝ በዚያች ፊደል ምክንያት እንደሆነ ስናገር ኖሬያለሁ። አሜሪካኖችም ስማችንን የለወጡብን የኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች ናቸው ይላሉ፤ እዚያ የነበሩት ሠራተኞች ግን የሚያመሳክሩት ከመነሻው ወደብ ተጽፎ በመርከቧ የመጣውን መዝገብ ነበር። ማንም ሰው ከዘሩ ይልቅ ጸሐፊ መውቀስ ይቀለዋል።

በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉት ጌዴኦዎች በመቶ ሺዎች ሆነው ወደ ዞኑ ሲጎርፉ፣ የዲላ ሰውም ያለውን ይዞ ሲወጣ፣ እኔ ስም ልመዘግብ ሄድኩ። «ስም የሚያውቅ ሰው» ተብዬ ነው የተጠራሁት። አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ ስሟን ነገረችኝ። በመሃሉ ትንፋሽ ቁርጥ የሚልባት ስም ናት፤ «ዶባአ» እና «ሄንባአ» ላይ እንዳለው፣ ለእንግዳ ስዘረዝር አሳምሬ እንደምለው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ደክሞኛል፣ እንዲደገምልኝ መጠየቅ ከበደኝ፤ ለእጄ የቀረበውን የአማርኛ ስም ጻፍኩ። የአባቷንም እንዲሁ። በማግስቱ እህል ሲታደል በጻፍኩት ስም «አቤት» የሚል ጠፋ። ሴትዮዋ ከፊት ቆማለች፤ ስትጠራ እየጠበቀች። ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሰው መስሏት ዞራ ወደኋላ ተመለከተች። እህሉን በኋላ አገኘች፤ ስሟ ግን መዝገቡ ላይ እኔ ባወጣሁላት ቀርቷል።

እስካሁን «አያቴ፣ አያቴ» ስል ሴቷን አያቴን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላነሳሁ ልብ ያለ አንባቢ ካለ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። የአባቴ እናት ጌዴኦ ናት፤ የወናጎ ልጅ፣ ከሐኑማ። እዚያው መጋዘን ቡና ለቃሚ ነበረች። እኛ ቤት ሰባት ቤት ሳትሳሳት መቁጠር የምትችል እሷ ብቻ ነበረች፤ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ በጌዴኡፋ ስታወጋ እኔ የእንግሊዝ ኳስ በራዲዮ አዳምጥ ነበር። ጌዴኡፋዬ ዛሬም ከሰላምታና ከቡና ዋጋ አያልፍም። ወደ ሚኒሶታ በላክሁት ሐረግ ላይ ደግሞ ሴት የሚባል ፍጥረት የለም፤ ሰባት ወንዶች ወንድ እየወለዱ ወርደዋል። ሩቅ ቡልጋ ድረስ ሄጄ የሌለ ሰው ስፈልግ፣ በባጃጅ የሚደረስበት ወናጎ ውስጥ ሙሉ ሐረግ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ለጌዴኦ የደራሮ በዓል ሰሞን ወደ ወናጎ ሄድኩ። የሴት አያቴ የወንድም ልጅ ሸምግለዋል፤ ጓሯቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከላይ ትልልቅ ዛፍ ነው። አየርላንድን ያፈለሰው አንድ ሰብል ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ እዚህ ግን እንሰቱ ለክፉ ቀን ዓመታት ቆሞ ስለሚጠብቅ የሳቸው ወገን ከዚህ ጓሮ አልተነቀለም፣ የአባቶቹም ስም አብሮ አልተነቀለም። ከሴት አያቴ አባት ጀምረው ወደ ላይ ሲወጡ አንድም ጊዜ አልተንተባተቡም። የምታስተረጉምልኝ የአምስተኛ ክፍል የልጅ ልጃቸው ናት። «ጋሼ አስተማሪ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ይህንን አላስተረጎመችልኝም፣ ሳቃቸውን አይቼ በኋላ ነው የጠየቅኋት።

«አባባ፣ ወንዱን አያቴንስ ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ጆንያ ሰፊውን? እንዴት አላውቀውም!» አሉ በአማርኛ። ቡናችንን ይዘን ስንወርድ ገዢው ሚዛን ይበላብን ነበር አሉ። አያትህ ጥግ ላይ ሆኖ ይሰፋል። ገዢው ኪሎ ሲሰርቅ መርፌውን ጆንያው ላይ ይተክልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አይናገርም። እኛ ያን ጊዜ «ይደገም» እንላለን። አንድ ቀን ገዢው ነቃበትና ከሥራ አስወጣው፤ ያን ክረምት የበላው የእኛን ቆጮ ነው። አክስቴን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው።

ከልቤ ተነካሁ። ወዲያውኑ ደግሞ ይህን ነገር እንዴት ብዬ እንደምናገረው ማሰብ ጀመርኩ። ጆንያ ሰፊ ማለት ምን ይጎድለዋል? ግን «የገበሬዎች ጠበቃ» ቢባል ይበልጥ አይገልጸውም? ዘመኑስ ቢሆን ከ1952 ዓ.ም. ይርቃል? ባጃጁ ዲላ ሳይገባ አያቴ ሚቺሌ ላይ ቆስሎ ነበር። ሌሊቱን ለአጎቴ ልጅ የታረመ ሐረግ ላክሁለት፤ ፊታውራሪው ወጥቶ አርበኛው ገብቷል። ሴቷ አያቴም በዚህኛው አልተረሳችም። የባላባት ልጅ ሆናለች።